ቢበዛ አርባ ደቂቃ

ሰውየው ያንኑ መነጽር ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ወንፊት ነገሩ አላማራትም። መጀመሪያ ቀን ብሎኑ ላላ ብሎ መጣ፤ አጠበቀችለት። በሳምንቱ ያው ብሎን ላልቶ ተመለሰ፤ አጠበቀችና ጠብታ ማጣበቂያ ጨመረችበት። አሁን በማጉያ መስታወት ስታየው ግን የብሎኑ አናት ላይ አዲስ ጭረት አለ። ብሎን በራሱ ጊዜ ሲላላ አይጫርም። የሚጫረው ሰው በመፍቻ ሲፈታው ነው።

«ይሄን ማን ነካው?» አለች ቀና ብላ።

«ማንም» አለ ሰውየው ፈገግ እንዳለ።

ወንፊት እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። በተጋቡ በዓመቱ ባሏ ነው ያወጣላት፤ የነገሯትን ቃል ሁሉ ሳትነፋ እንደማታሳልፍ ባየ ጊዜ። እሷም አልተቀየመችም። «ባልተነፋ ዱቄት ውስጥ ስንት ጉድ እንዳለ ብታውቅ!» አለችው። ስሙ ቀስ በቀስ ከቤት ወጥቶ ሠፈር ገባ፤ ከሠፈርም መነጽር ቤቱ ድረስ ተከተላት።

መነጽር ቤቱ ከቤቷ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ከፊት ሆነው ደንበኛ ያስተናግዳሉ፤ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ሌንሱን በሚሽከረከረው ድንጋይ እየሳለች ከፍሬሙ ልክ ታስገባለች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ደሞዙ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል፤ ግን እኩለ ቀን ላይ ቤቷ ሄዳ ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ጋር ምሳዋን በልታ ትመለሳለች።

ሽማግሌው ዕቃ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገባ ሲሉ ሰውየው ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብሎኑን የምፈታው እኔው ነኝ። የእጅዎን ሥራ ለማየት ብዬ ነው። የመነጽር ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። እንደርስዎ ያለ ባለሙያ እዚህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።» ከዚያም የሚከፍላትን ደሞዝ ነገራት። አሁን ከምታገኘው አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

«የት ነው ቦታው?»

«ከከተማው ማዶ፣ አዲሱ የመጋዘን ሠፈር። ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው። እሑድ ከሰዓት ብቅ ብለው ይዩት። ታዲያ ለጊዜው ለማንም ባይነግሩ ደስ ይለኛል።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ አለች ወንፊት በልቧ። ግን የደሞዙም ልክ እዚያው ልቧ ውስጥ ቀረ።

እሑድ ሄደች። መንገዱ ጭር ብሎ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀባት፤ ሰውየው ብዙም አልዋሸም። ግቢው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ በር እየከፈተ፣ መብራት እያበራ አዳራሹን አሳያት። ማሽኑ ልብ የሚሰርቅ ነበር፤ ሌንሱን ከያዘ የማይንቀጠቀጥ፣ ውሃው በራሱ የሚወርድ። እሷ ስንት ዓመት የተመኘችው ዓይነት። እጇን ጫን አድርጋ ዳሰሰችው።

ዓይኗ ግን ከማሽኑ ፊት ካለው ወንበር ላይ አረፈ። ከልዩ ልዩ ቀለም የጨርቅ ቁርጥራጭ በእጅ የተሰፋ ትንሽ ትራስ ከመደገፊያው ጋር በክር ታስሯል። ወንበሩ ላይም ሹራብ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ የማን ነው?»

«እሱ? የጽዳት ሠራተኛዋ ነው። አንዳንዴ እዚህ አረፍ ትላለች።»

ወንፊት ትራሱን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ጣቷ ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ፤ ደቃቅ፣ ሲዳሰስ የሚቆረቁር። ይህን ብናኝ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከፀጉሯ ስታራግፍ ኖራለች። ወለል ጠርጋ አረፍ የምትል ሴት ላይ የሌንስ ብናኝ ምን ይሠራል?

«ለምን እሑድ ሆነ ቀጠሯችን?» አለችው ስትወጣ።

«ሠራተኛ ሳይረብሸን በሰላም እንድናወራ ነዋ!»

የሒሳብ መምህሩ ባሏ ማታ የተማሪ ፈተና ወረቀት ገልብጦ በጀርባው ያሰላ ጀመር። ሁለት ሚኒባስ ሲሄዱ፣ ሁለት ሲመለሱ፣ በቀን አራት ሂሳብ፣ በወር ይህን ያህል። ከጭማሪው ሲቀነስ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበትና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ምሳዬስ?»

«ቋጥረሽ ትሄጃለሽ።»

«የልጅቷን ምሳ ማን ያበላታል?»

«እኅቴ አለች አይደል?»

«እኅትህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በነጻ ሰው ያበላችው? እሺ ይሁን። መንገድ ላይ የሚያልቀውን የኔን ጉልበት የት ጻፍከው?»

«አርባ ደቂቃ ምን ጉልበት አለው? ተቀምጠሽ ነው'ኮ የምትሄጂው!»

«የእሑድ መንገድና የሰኞ መንገድ አንድ ነው እንዴ? ደግሞ ሰውየው ስለ ወንበሩ ዋሸኝ።»

ባሏ እስክሪብቶውን ጣለ። «አንቺ ሴት፣ ገነት ግቢ ብትባዪ በሩ ላይ ቆመሽ ‹ማን ወጥቶ ነው ቦታ የተገኘው?› ሳትዪ አትገቢም።»

«መጠየቁ ምን ክፋት አለው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እኔ ብብቴ ሥር ያለውን አውቀዋለሁ። ሰኞ ልክ እንደ ሠራተኛ በጠዋት ተነሥቼ እሄድና አየዋለሁ።»

ለሽማግሌው ልጄን ሐኪም ቤት ላደርሳት ነው ብላ ዋሸቻቸው። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ በልጄ አሟረትኩባት ብላ ደነገጠች፤ ግን ከወጣ ወጣ።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፍ ያዘች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆመች። ሚኒባሱ ሲመጣ ረዳቱ መንገዱን ለሁለት ቆርጦ ነው የጫነው፤ ግማሹ ላይ አውርዶ፣ ቀሪውን እንደ አዲስ አስከፈለ። «ምነው? አንድ መንገድ አይደለም እንዴ?» ብትለው «በእግርሽ ሂጂያ!» አላት። የባሏ አራት ሂሳብ ገና በጠዋቱ ስድስት መሆኑ ነው። መቀያየሪያው ጣቢያ ስትደርስ ሁለተኛው ሰልፍ ጭራው አይታይም። ሰዉ ሰልፉን ጥሶ እየተጋፋ ይሳፈራል። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ ተገፍትራ ቀረች።

«እዚያ አትቁሚ ልጄ» አላት አንድ ድምፅ። «እዚያ የሚደርሰው ሞልቶ ነው። ነይ ወደዚህ።»

ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት፤ ሰማያዊ ቦርሳ በትከሻዋ፣ እግሯ ላይ ለመንገድ ብቻ የያዘችው ያረጀ ጫማ። ወንፊት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። በዚህ ጠዋት፣ በዚህ ግፊያ መሃል ደግነት ከየት መጣ? ሴትዮዋ ግን ሳትጠብቃት ወደ ግንቡ ጥግ ሄደች፤ የመጋዘኑ ሠፈር አውቶቡስ ከግንቡ ዞር ሲል ቀስ ይላል፤ ዘው አለችና ቦርሳዋን ባዶ ወንበር ላይ ጥላ «ነይ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ወንፊት ከጎኗ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደያዘች።

«ለመንገዱ አዲስ ነሽ። ወዴት ነሽ?»

«ዘመድ ልጠይቅ ነው፣ እትዬ። መጋዘኑ ሠፈር።»

«በሰኞ ጠዋት?» አለች ሴትዮዋ፤ ግን አልገፋችበትም። «ተመላላሽ ከሆንሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ድልድዩን በእግርሽ ከተሻገርሽ የአንዱ ሂሳብ ይተርፍልሻል። ዝናብ ካለ ግን አትሞክሪው። ዓርብ ደግሞ ከሰው ቀድመሽ ካልወጣሽ ቤትሽ የምትደርሺው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እሱም ከቀናሽ።»

«እርስዎ ስንት ዓመት ተመላለሱበት?»

«ሥራው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤ መንገዱ ስድስት። ፊት መሃል ከተማ ነበርን፤ ኋላ አንሥተው ወደዚህ አመጡን። ማን ጠይቆን?»

«ለትራንስፖርት አይከፍሏችሁም?»

«ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ጠየቅኩ። ‹እናየዋለን› አሉኝ።» ሴትዮዋ ሳቀች። «ዓይናቸው ደክሞ መሆን አለበት፤ እስካሁን እያዩት ነው።»

አውቶቡሱ ይቆማል፣ ይንፏቀቃል፣ ይቆማል። ሴትዮዋ ወገቧን በጡጫዋ ደቃች። «ወገቤን የጨረሰው ይሄ ወንበር ነው። ሥራ ቦታማ ችግር የለብኝ። ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሰፋኋት ትራስ አለችኝ፤ ያለሷ አልቀመጥም።»

ወንፊት የእሑዱ ወንበር ትዝ አላት። ቀስ ብላ የሴትዮዋን እጅ አየች። የአውራ ጣትና የሌባ ጣቷ ጫፍ ልሙጥ ነው፤ ድንጋዩ አሻራውን በልቶታል። የራሷም ጣቶች እንደዚያው ናቸው። ቶሎ ብላ እጇን ከቦርሳዋ ሥር ደበቀች።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ፣ ልኮብኝ ይሆን? የሚል ነው። ሰውየው እንደሆን ብሎን እየፈታ ሰው የሚፈትን ነው፤ ሴት ልኮ መንገድ ላይ ቢያስፈትናትስ? ደግሞ መለስ አለችና፣ ማን ተልኮ ትራስ ይሰፋል? የተሰለፍኩበትን ሰዓትስ ማን ያውቅ ነበር? አለች። ይልቅ ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። ወንበሩ ባዶ አይደለም። ለእሷ የተሰጠው ይህች ሴት የምትቀመጥበት ወንበር ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ አታውቅም።

«ሌንስ የሚስሉት ስንት ናችሁ?» አለች።

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየቻት። «ሌንስ እንደምስል መቼ ነገርኩሽ?»

ወንፊት ፊቷን ወደ ፊት አዞረች። ሴትዮዋ ሰማያዊ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ሲወርዱ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማለት ይቻላል፤ መሄጃው ብቻ። ሴትዮዋ መንገድ ዳር ቆማ ጫማዋን ስትቀይር ወንፊት አጠገቧ ቆመች። ዝም ብላ ብትመለስ ማንም አያውቅባትም። እግሯ ግን እንቢ አለ።

«እትዬ፣ ዘመድ የለኝም» አለች። «እኔም ሌንስ ነው የምስለው። ሥራ አስኪያጃችሁ ሥራ ሊሰጠኝ እሑድ ጠርቶኝ ነበር። ትራስዎን አይቼ የማን ነው ብዬ ብጠይቀው የጽዳት ሠራተኛዋ ነው አለኝ። ከመጪው ወር መጀመሪያ ግቢ ብሎኛል። ይወቁት ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንደከተተች ቀረች። ወንፊት ታለቅሳለች፣ ወይም ታመሰግናለች ብላ ጠብቃ ነበር።

«ማን ላከሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«ማንም አልላከኝ።»

«እሱ ነው የላከሽ! ደንግጣ በገዛ እጇ ትልቀቅ ብሎ ነው። በራሴ ከለቀቅኩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ካሳ ቀረለታ!»

«እትዬ፣ እውነቴን ነው...»

«ስንት እከፍልሻለሁ አለሽ?»

ወንፊት ነገረቻት። ሴትዮዋ ጥርሷን ሳታሳይ ሳቀች። «ከኔ በሲሶ ያንሳል» አለች። «እሱን ነው እንግዲህ እንደ ሲሳይ የቆጠርሽው።» ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች፤ ደህና ዋይም ሳትል ወደ ግቢው ገባች።

ወንፊት ተመልሳ መቀያየሪያው ስትደርስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ መነጽር ቤቱ ስትደርስ ደግሞ አራት ሰዓት አልፏል። ሽማግሌው ከባንኮኒው ኋላ ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጅቷ እንዴት ሆነች?»

«ደህና ናት፣ ጋሼ።»

«እሰይ።» ሌንስ ማጽጃውን ጨርቅ አጣጠፉ። «እኔ እንኳ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ብሎኑ ሦስት ጊዜ የሚላላበት ሰው አይቼ አላውቅም። ስንት አለሽ?»

ወንፊት ቦርሳዋን አስቀመጠች። ሳትሸሽግ ነገረቻቸው፤ የልጅቷንም ውሸት ጭምር። ሽማግሌው ጨርቁን ዘርግተው እንደገና አጣጠፉት።

«የሱን ያህል መክፈል አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «እችላለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከዚህ በኋላ ቤትሽ ዋይ። ደሞዝሽ አይነካም።»

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለ። «እንዴት አደሩ? ወሰኑ?»

«ወስኛለሁ። አልመጣም። ወንበሩ ባለቤት አለው።»

«የምን ባለቤት?»

«ትራሷን የሰፋችው ሴት።»

«ስሚ» አለ ሰውየው፤ አንቱታው በአንድ ጊዜ ጠፍቶ። «አንቺ ማነሽና ነው በሰው መሥሪያ ቤት ጉዳይ የምትገቢው?» ስልኩን ዘጋባት። ወንፊት የተዘጋውን ስልክ እያየች፣ ይሄኛው ድምፅ የራሱ ነው፣ አለች።

ባሏ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈ። «የሰው ጣጣ ምን አገባሽ? አንቺ ብትተዪው ሌላ ሰው መቀመጡ ይቀራል?» አላት። እሷም የሰው ወርቅ አያደምቅም ብላ መለሰችለት። አንድ ቀን ግን ያንን የፈተና ወረቀት አውጥቶ አዲስ ስሌት ሲሠራ አየችው፤ አራቱን በስድስት ቀየረ፤ የእኅቱን ሂሳብ ጨመረ፤ በቀን የሚያልፈውን አራት ሰዓት ለወር አባዛ። ሲጨርስ አላሰመረበትም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እራት ቀረበ ወይ?» አለ።

ወንፊትም ልቧ አላረፈም። ሰዎች ደግ ሠራሽ ሊሏት ይችላሉ። እሷ ግን ራሷንም መንፋት ልማዷ ነው። መንገዱ የእውነት አርባ ደቂቃ ቢሆን ኖሮስ? ሰኞ ለሙከራ ባትወጣ፣ ከሴትዮዋ ጎን ባትቀመጥ፣ ስለ ትራሱ የተነገራትን ውሸት ችላ ብላ አታልፈውም ነበር? ያ ማሽን እኮ ልቧን ወስዶት ነበር። መልሱን ፈለገችው፤ ያገኘችውን ግን አልወደደችውም።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ረቡዕ ሽማግሌው ጉዳይ ወጥተው ወንፊት ብቻዋን ሳለች በሩ ተከፈተ። ሰማያዊ ቦርሳ። ሴትዮዋ ገብታ ሰላምታዋን አቅርባ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ፍሬሞቹን አየች፤ ወደ ኋላ ዘልቃ ድንጋዩን አየች፤ ወንበሩንም አየች።

«እዚህ ነው የምትሠሪው? መነጽር ቤቱን ሁሉ ጠያይቄ ነው ያገኘሁሽ። ድንጋዩ ያረጀ ነው፤ ግን ደህና ነው። ባለቤቱ የሉም?»

ወንፊት የወንበሯን መደገፊያ ያዝ አደረገች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሴትዮዋ ሥራ ሳትፈታ አልቀረችም፤ ሙያው አላት፤ በልምድም ትበልጣታለች። ባለቤቱንስ ለምን ፈለገቻቸው? ወንበሬን ልታይ መጣች እንዴ?

«ጉዳይ ወጥተዋል» አለች፤ ድምፅዋ ሳይታወቃት ሻክሮ። «ለምን ፈለጓቸው?»

«ሰላም ልላቸው ነዋ! በሙያው ውስጥ እሳቸውን ማን የማያውቅ አለ?» ሴትዮዋ ደንበኛ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «ኧረ ልጄ ውሃ ስጪኝ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው የፈጀብኝ። ደሞዝ ሦስት እጥፍ ቢያደርጉልኝ እንኳ እዚህ ተመላልሼ አልሠራ!»

ወንፊት እፎይ ብላ ውሃውን እስከ አፉ ሞልታ ቀዳችላት። በዚህ እፎይታዋም አፈረች።

ሴትዮዋ ጠጥታ ስታበቃ ነገሩን አወራችላት። ከዚያ ሰኞ አንድ ሳምንት እንዳለፈ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ ‹በፈቃዴ ለቅቄያለሁ› የሚል ወረቀት እንድትፈርም ሰጣት። ሻይ አዘዘላት፤ ዕድሜሽ ነው፣ መንገዱ ጎዳሽ፣ አሳዘንሽኝ አላት። የወንፊትን ወሬ ሰምታ ባትጠረጥር ኖሮ ትፈርም ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ለቤተሰቤ ላሳይ ብላ ይዛው ወጣችና በቀጥታ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወሰደችው። አራት ሳምንት ተመላለሰች። በመጨረሻ ሥራውን አስለቀቋት፤ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ካሳ ከፍለው ነው። አሁን ሠፈሯ ገበያ ዳር አንዲት መስኮት ተከራይታ መነጽር ትጠግናለች።

«በኔ ቦታ አንድ ጎረምሳ አስቀመጡ» አለች። «በሦስተኛው ሳምንት መንገዱ አማሮት ጠፋ አሉ።»

ሁለቱም ሳቁ።

«ጠርጥሬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አለች ሴትዮዋ። «ያን ሳምንት ሙሉ ትከተለኛለች ብዬ መውረጃዬን ቀይሬ ነበር።»

«እኔም ጠርጥሬዎት ነበር። ቦርሳዬን ሊወስዱ መስሎኝ።»

ስለ ዛሬው ግን አልነገረቻትም። ይልቁንም ሁለት ወር ሙሉ ያብሰለሰላትን አወጣች። «እትዬ፣ መንገዱ አርባ ደቂቃ ቢሆን ኖሮ እኮ፣ ምናልባት ዝም ብዬ ልገባበት እችል ነበር።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ስቀጠር የሥራ ልብስ ሰጡኝ» አለች። «ታጥቦ የታጠፈ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። ከኔ በፊት ማን እንደለበሰው አልጠየቅኩም። ያኔ ከቤቴ ሥራ ቦታ ሩብ ሰዓት ነበር።»

ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ቦርሳዋን አነሣች። ግፊያው ሳይጀምር መድረስ ነበረባት። ወንፊት ሱቁን ቆልፋ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘቻት፤ ሴትዮዋ ገብታ በመስኮቱ በኩል ቦታ ያዘች፤ ረዳቱም ሂሳብ መሰብሰብ ጀመረ።